ጎማው የስንት ዓመት ነው?



የሞተር ሳይክል ጎማ በቤተሰብ መጽሔት ላይ ምን ይሠራል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በእኛ አካባቢ ለሚኖር ሰው ግን መልሱ ከደጃፉ ነው። ከከሚሴ ወደ ገጠር ቀበሌዎች በሚወጡት መንገዶች ዳር ግማሽ ሰዓት ያህል የቆመ ሰው፣ አባት ማኑብሪዮውን ይዞ፣ እናት ከኋላ ተፈናጥጣ፣ ሕፃን በመሐል ገብቶ፣ አንዳንዴም ፍየል ተጭና ሲያልፉ ያያል። ያ ሁሉ ነፍስ መሬት የሚነካው በሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ የእያንዳንዱም ስፋት ከሰው መዳፍ እምብዛም አይበልጥም።

ጉዳዩን ለዚህ ወር ያመጣልን ከደዋ ጨፋ ወረዳ የደረሰን የአንዲት እህት ደብዳቤ ነው። ባለቤቷ የግብርና ሠራተኛ ነው። ከቀበሌ ቀበሌ በሞተር ይዞራል፤ በገበያና በሕክምና ቀን ደግሞ እርሷንና የዓመት ከመንፈቅ ልጇን ጭኖ ወደ ከሚሴ ይመጣል። የኋላ ጎማው አልቆ ከሥሩ ያለው ክር ሊታይ ተቃርቧል። ለጎማ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ተቆጥቧል፤ ችግሩ የመካሪው ብዛት ነው። አሜሪካ የሚኖረውና ሐርሊ ዴቪድሰን የሚነዳው ወንድሟ በስልክ «ሰፊውን ግዙ፤ መንገድ የሚይዘው ወፍራም ጎማ ነው» ይላል። ሻጩ «ለገጠር ከሆነ ባለ ትልልቅ ጥርሱ ነው» ይላል። ባለቤቷ ደግሞ «የኋላው ብቻ ይቀየር፤ የፊቱ ገና ጥርስ አለው» ባይ ነው። «ሦስቱም እርግጠኞች ናቸው፤ ልጅ አቅፌ የምቀመጠው ግን እኔ ነኝ» ስትል ደብዳቤዋን ትዘጋለች። እኛም ይህንን ዓረፍተ ነገር ይዘን ነገሩን እንመርምረው።

ከወንድምየው እንጀምር። ሐርሊ ዴቪድሰን እ.ኤ.አ. በ1903 በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ የተመሠረተ ኩባንያ ነው። ለረጅም መንገድ የሚሠራቸው ትልልቅ ሞተሮች ባዶአቸውን ከ350 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናሉ፤ በእኛ መንገድ የሚሮጡት ቀላል የሥራ ሞተሮች ግን ከመቶ እስከ መቶ ሠላሳ ኪሎ ገደማ ናቸው። እንግዲህ አንዱ ሐርሊ የእኛን ሦስት ሞተር ያህላል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ከባድ ሞተር ለብዙ ዓመታት ሲያደርጋቸው ከኖሩት የጎማ ልኮች አንዱ 130/90-16 የሚባለው ነው። 130 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 90 ከስፋቱ አንጻር ቁመቱ ዘጠና በመቶ መሆኑን ይናገራል፤ ይኸውም 117 ሚሊ ሜትር ነው። 16 ደግሞ የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። ጎማው የወፈረው የተሸከመው ከባድ ስለሆነ እንጂ ውፍረት በራሱ መንገድ ስለሚይዝ አይደለም። የበሬ ቀንበር በአህያ ጫንቃ ላይ ቢደረግ አህያዋ በሬ አትሆንም።

ሰፊ ጎማ በጠባብ ቸርኬ ላይ ሲገባ ጎኖቹ ወደ ውስጥ ተቆንጥጠው መሐሉ ይቆለመማል። ያን ጊዜ መሬት የሚነካው መሐሉ ብቻ ይሆንና ቶሎ ይበላል፤ ኩርባ ላይ ሞተሩ ሲያዘነብልም መጠጋጋቱ የተዛባ ስለሚሆን ነጂው ያላሰበው አወዳደቅ ይመጣል። በዚያ ላይ ከካቴናው ወይም ከፓራፋንጎው ጋር ሊፋተግ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው መልሳችን፣ በሞተሩ መመሪያ ደብተር ላይ የተጻፈው ልክ ሳይነካ እንዳለ ይገዛ የሚል ነው። ደብተሩ ጠፍቶ ከሆነ ሞተሩ ሲመጣ የነበረበትን ጎማ ልክ አስመጪውን ወይም ተመሳሳይ ሞዴል ያለውን ሰው ጠይቆ ማረጋገጥ ይቻላል። አሁን ካለው ጎማ ላይ ብቻ መገልበጥ ግን አያዋጣም፤ ከእናንተ በፊት የነበረው ባለቤት ምን እንዳስገባበት አይታወቅምና።

ከወንድምየው የሚወሰድ አንድ ጥሩ ልማድ ግን አለ። የከባድ ሞተር ነጂዎች ጎማ ሲመርጡ ከሁሉ በፊት የሚያዩት የጭነት ቁጥሩን ነው። ሐርሊ ሁለት ሰውና ዕቃ ሲጭን የኋላ ጎማው የሚሸከመው ብዙ ስለሆነ ቁጥሩን ሳያዩ መግዛት በነፍስ መቀለድ ይሆናል። እዚያው አገር የመኪና ጎማ በሞተር ላይ የሚገጥሙ አሉ፤ ረጅም ጊዜ ያገለግላል ብለው ነው፤ የጎማ ኩባንያዎች ግን አታድርጉ ይላሉ። ወንድምየው ከእነዚያ ባይሆን እንወዳለን። የሆነ ሆኖ የጭነት ቁጥር ማንበብን ከእርሱ እንማር።

ቁርኣን ቤት የገባ ልጅ በመጀመሪያ የሚሰጠው ሎህ ነው፤ በሎሁ ላይ የተጻፈውን አንድ በአንድ ሳይለይ ወደሚቀጥለው አያልፍም። የጎማም ጎን እንደዚያው ሎህ ነው። ጻፊው ፋብሪካው ነው፤ ችግሩ አንባቢ ማጣቱ ነው። በእኛ አገር በብዛት በሚታዩት ሞተሮች ላይ ለምሳሌ «3.00-18 52 ፒ» የሚል ይገኛል። 3.00 ስፋቱ ሦስት ኢንች መሆኑን፣ 18 የቸርኬውን ልክ ይናገራል። ከዚያ የሚከተለው 52 ኪሎ አይደለም፤ የጭነት ምልክት ነው፤ በሰንጠረዡ መሠረት 200 ኪሎ ግራም ማለት ነው። «ፒ» የምትለዋ ፊደል በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ድረስ እንደተፈቀደለት ትገልጻለች። 41 ቢል 145 ኪሎ፣ 42 ቢል 150 ኪሎ፣ 48 ቢል 180 ኪሎ፣ 50 ቢል 190 ኪሎ ነው። የዚያ ከባድ ሐርሊ ጎማ 73 ይላል፤ እሱ 365 ኪሎ ነው።

በአንድ ልክ ሁለት ዓይነት የጭነት ቁጥር ሊኖር እንደሚችል ልብ በሉ። 2.75-18 የሆነ ጎማ 42 ተብሎም 48 ተብሎም ይሠራል፤ ከሩቅ ሲያዩአቸው አንድ ናቸው፤ በመካከላቸው ግን የ30 ኪሎ ልዩነት አለ። ብቻውን ለሚሄድ ወጣት 42ቱ ይበቃው ይሆናል። ሚስትና ልጅ፣ ከዚያም የእህል ከረጢት ለሚጭን ሰው ግን የከፍተኛው ቁጥር ዋጋ ትንሽ ቢጨምርም እሱኑ መውሰድ ይገባዋል። እህታችን የቤተሰቡን ክብደት ደምራ ብትመለከት ጥሩ ነው፤ ሁለት ሰውና ዕቃ ሲጫን ትልቁ ድርሻ የሚያርፈው በኋላ ጎማ ላይ ነው።

አሁን ወደ ርእሳችን እንምጣ፤ ወደ እድሜ። ጎማ ሳይነዳም ያረጃል። ፀሐይ፣ ሙቀትና አየር ላስቲኩን ያደርቁታል፤ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ውስጡ ይሰነጣጠቃል፤ በደረቁ አስፋልት ላይ ብዙም ሳይታወቅ በዝናብ ቀን ሙልጭ ብሎ ይንሸራተታል። ከሚሴን የመሰለ ቆላ ላይ፣ በሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ የከረመ ጎማ ከዚህ የሚድን አይደለም። ስለዚህ ፋብሪካዎች በጎማው ጎን ላይ «ዲ ኦ ቲ» ከሚሉት ፊደላት መጨረሻ፣ ወይም ለብቻው በትንሽ ክብ ውስጥ፣ አራት አሐዝ ያትማሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጎማው የተሠራበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። «3018» ቢል በ2018 በ30ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው።

ታድያ ይህ 2018 የማን ነው? የፈረንጆቹ ነው። በመስከረም 2018 ዓ.ም. በአንድ ሱቅ ውስጥ ቆሜ የሰማሁትን ላጫውታችሁ። አንድ የባጃጅ ሾፌር ጎማ ያገላብጣል።

«ሐጂ፣ ይሄ የመቼ ነው?»

«የዘንድሮ ነው ልጄ፤ ትናንት ነው የገባልን።»

«እዚህ ጋ 18 ይላል እኮ።»

«እኮ! ዘንድሮ 2018 አይደል? ገና አንድ ወር እንኳ አልሞላው። ሙሐረቡን አውጣና ገንዘቡን ቁጠር።»

ሁለቱም አልዋሹም፤ ሁለቱም ተሳስተዋል። ጎማው 3018 የሚል ነበር፤ ይኸውም በእኛ አቆጣጠር የ2010 ዓ.ም. የሐምሌ ወር ነው። «የዘንድሮ» የተባለው ጎማ ሰባት ዓመት ተሻግሯል ማለት ነው። ልጁ ቁጥሩን ሲረዳ ሳይገዛ ወጣ፤ ሐጂም ሳይቆጡ መነጽራቸውን አድርገው የቀሩትን ጎማዎች አንድ በአንድ ሲያገላብጡ ትቻቸው ሄድኩ።

ማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ ይህችን አስፍሯት። የሳምንቱ ቁጥር ከ1 እስከ 36 ከሆነ ከዓመቱ 8 ቀንሱ፤ ከ37 በላይ ከሆነ፣ እንቁጣጣሽ ስላለፈ፣ 7 ቀንሱ። በሂጅራ የሚያትም ፋብሪካ ደግነቱ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ሦስት ዘመን መቁጠሪያ በአንድ ጎማ ላይ ቢሆን ኖሮ ሒሳብ አስተማሪ ቀጥሮ መግዛት ነበር። በአራት አሐዝ ፈንታ ሦስት ብቻ ካገኛችሁ ጎማው ከፈረንጆች 2000 በፊት የተሠራ ነውና እጃችሁን አንሱ።

ስንት ዓመት ይበዛል? ታዋቂ የጎማ አምራቾች አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ ጎማው በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከተሠራ አሥር ዓመት ሲሞላው ደግሞ መልኩ ቢያምርም እንዲወገድ ይመክራሉ። ይህ በጥሩ ሁኔታ ለተቀመጠና በደህና መንገድ ለሄደ ጎማ ነው። ለእኛ ሙቀትና ለእኛ ኮረት እኔ ከዚያ አሳጥራለሁ፤ ስገዛ ከሦስት ዓመት ያለፈውን አልወስድም።

እዚህ ላይ ከሻጭ ወገን ያለውን ነገር ሳናነሳ ማለፍ አይቻልም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከላይ ደረቅ፣ ከታች እርጥብ ሆኖ ያገኙበትን ታሪክ የማያውቅ ነጋዴ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። በጥቁር ቀለም ወይም በዘይት ተወልውሎ የሚያበራ አሮጌ ጎማ ያ ክምር አይደለምን? ከዚህ የከፋም አለ፤ ጥርሱ ያለቀውን ጎማ በጋለ ስለት እንደገና ቀርጸው ጥርስ ያለው ያስመስሉታል። ቅርጹ የሚወጣው ግን ክሩን ከሚሸፍነው ቀጭን ላስቲክ ላይ ተቆርጦ ነው፤ ጎማው አዲስ አልሆነም፤ የበለጠ ሳሳ እንጂ። የቦዩን ውስጥ በጥፍራችሁ ብትዳስሱ የፋብሪካ ጎማ ለስላሳና እኩል ነው፤ በእጅ የተቀረጸው ሻካራና ጥልቀቱ የተዘበራረቀ ነው። በቦዮቹ መሐል ከፍ ብለው የሚታዩት የማለቂያ ምልክቶችም (ጎኑ ላይ «ቲ ደብሊው አይ» ተብሎ በፊደል ይጠቆማሉ) ተቆርጠው ታገኟቸዋላችሁ።

በመድረሳ የንግድን ምዕራፍ የቀራ ሁሉ ኺያር አል-ዐይብን ያውቃል። ገዢ ያልተነገረው ጉድለት በዕቃው ላይ ካገኘ የመመለስ መብት አለው። ታድያ የጎማ እድሜ ዐይብ ነውን? አንዳንድ ባለ ሱቆች «ያልተነዳ ጎማ አዲስ ነው፤ እድሜው ምን ያደርግልሃል?» ይላሉ። እኔ ዐይብ ነው ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ዋጋውንም ጥቅሙንም ይቀንሳልና። ለባለ ሱቁ ፍርድ ስንሰጥ ግን ብዙዎቹ ያንን ቁጥር አንብበው እንደማያውቁ መዘንጋት የለብንም። በጅምላ ገዝተው በጅምላ ያወርዳሉ። የማያውቅና የሚደብቅ አንድ አይደሉም። የሚያውቅ ሰው በአደብ ቢያሳያቸው ከክርክር ይሻላል። የቆየውን ጎማ መሸጥም ክልክል አይደለም፤ እድሜው ተነግሮ፣ ዋጋው ተቀንሶ፣ ገዢው ወዶ ከወሰደው የሁለቱ ጉዳይ ነው። ሳልቫጅ ጎማ ግን ለሞተር አልመክርም። መኪና በአራት ይቆማል፤ አንዱ ቢከዳ ሦስት ይቀሩታል።

ወደ ሻጩ ምክር እንለፍ፤ ባለ ትልልቅ ጥርሱ ጎማ። ለስላሳ አፈርና አሸዋ ላይ ጥርሱ መሬቱን ስለሚነክስ እውነትም ጠቃሚ ነው። አስፋልት ላይ ግን መሬት የሚነካው የጥርሶቹ ጫፍ ብቻ ይሆናል፤ ፍሬን ሲያዝ ቶሎ አይቆምም፤ ኩርባ ላይ ጥርሶቹ እየተጣጠፉ ያንቀጠቅጡታል፤ ቶሎም ያልቃሉ። የእህታችን ባለቤት መንገድ ደግሞ ሦስት ዓይነት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፈው ዋናው አስፋልት አለ፤ በእሱ ላይ ከባድ የጭነት መኪኖች ይበራሉ። ወደ ቀበሌ የሚገባው ኮረት አለ። በጨፋ ሜዳ በኩል ያለው መረሬ አፈር አለ። ለአንድ ጎማ ይህን ሁሉ በእኩል ማስደሰት አይቻለውም። እንግዲህ ጥያቄው የትኛው ቦታ ቢከዳው የከፋ ነው የሚለው ይሆናል። ኮረቱ ላይ በዝግታ ስለሚሄድ ቢያዳልጠው ጉልበት ይላጣል። አስፋልቱ ላይ፣ ከኋላው ተሳቢ መኪና እያለ፣ ፍሬን አልያዝ ቢለው ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ጥርሱ መካከለኛ የሆነ፣ ለአስፋልትም ለኮረትም ተብሎ የተሠራው ይሻለዋል። ጥርሶቹ ተቀራርበው፣ መሐላቸው ውሃ የሚያወጣ ቦይ ያላቸው ናቸው።

መረሬውስ? በክረምት መረሬ ላይ የሚያድን ጎማ የለም። ጭቃው ጥርሱን ሞልቶ፣ ፓራፋንጎው ሥር ተጠቅጥቆ ጎማውን ያቆመዋል፤ ባለ ትልልቅ ጥርሱንም ሆነ ለስላሳውን። እዚያ ቦታ እናት ልጇን ይዛ ትውረድና በእግሯ ትሻገር፤ ባል ይግፋ። ሃምሳ ሜትር መራመድ ከክብር አያጎድልም።

የባለቤቷን አሳብ በመጨረሻ ያቆየሁት የብዙ ወንዶች አሳብ ስለሆነ ነው። «የፊቱ ገና ጥርስ አለው።» አዎ፣ ይኖረዋል። የፊት ጎማ የሚገፋው ሞተር ስለሌለ ቀስ ብሎ ያልቃል፤ የኋላው ሁለቴ ሲቀየር የፊቱ አንዴም ላይቀየር ይችላል። ስለዚህም የፊቱ ሳያልቅ ያረጃል። ሞተር ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይወረወራል፤ በቀላል ሞተር ላይ የማቆሙን አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው የፊት ጎማ ነው። የኋላው ቢንሸራተት ነጂው አስተካክሎ ሊተርፍ ይችላል፤ የፊቱ ከተንሸራተተ ግን ለማሰብም ጊዜ የለም። በወንድምየው ከባድ ሞተር ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል፤ ረጅምና ዝቅ ያለ፣ ነጂውም ወደ ኋላ የሚቀመጥበት ስለሆነ የኋላ ጎማው በማቆም ረገድ ከእኛ ሞተሮች የተሻለ ድርሻ አለው። የእርሱን ልማድ ለባለቤቷ መገልበጥ የማይገባበት ሁለተኛው ምክንያት ይህ ነው።

እህታችን ዛሬውኑ ሄዳ የፊቱን ጎማ አራት አሐዝ ታንብብ። ጎኑን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ትመልከት፤ እንደ ክረምት አልፎት የደረቀ መሬት ቀጫጭን ስንጥቅ ከታየ፣ ወይም ቁጥሩ አሥር ዓመት ከተጠጋ፣ ጥርሱን መቁጠር ትርፉ ድካም ነው፤ እሱም ይቀየር። ገንዘቡ ለሁለት ካልበቃስ? የኋላው ክር ሊታይ ከተቃረበ መጀመሪያ እሱ ይገዛ፤ የፊቱ እስኪገዛ ድረስ ሰው ማፈናጠጡ ይቅር። ይህ ለባለቤቷ እንደሚከብደው አውቃለሁ፤ በገበያ ቀን ቤተሰብን በባጃጅ መላክ ወጪ ነው። ቢሆንም ከሁለት ክፉ ነገር የሚቀለው ይህ ነው።

ስለ ዋጋ ካነሳን ሒሳብ እንሥራ። ቁጥሩ ለምሳሌ ብቻ የወሰድኩት ነው። አንዱ ጎማ 2 ሺህ ብር ሆኖ 8 ሺህ ኪሎ ሜትር ቢያስኬድ ለአንድ ኪሎ ሜትር 25 ሳንቲም ነው። ሌላው 3 ሺህ ብር ሆኖ 18 ሺህ ኪሎ ሜትር ቢያስኬድ 17 ሳንቲም እንኳ አይሞላም። ውድ የመሰለው ረከሰ ማለት ነው። ይህን ሒሳብ በየቤቱ ለመሥራት ጎማው የገባበትን ቀንና በቆጣሪው ላይ ያለውን ኪሎ ሜትር ደብተር ላይ መጻፍ ብቻ ይበቃል። ስለ ስም የሚጨነቁም አሉ። ከህንድ የሚመጡት ብዙዎቹ የቆዩ ኩባንያዎች ናቸው። ኤም አር ኤፍ እ.ኤ.አ. በ1946 በማድራስ የአሻንጉሊት ፊኛ በመሥራት የተጀመረ ነው። ሲያት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1924 በጣልያን ቱሪን የተቋቋመ ነው፤ ጎሚስታ፣ ካላማዳሪያ፣ ቸርኬ የምንላቸው ቃላት ከመጡበት አገር መሆኑ ነው። ስሙ ጥሩ የሆነ አሮጌ ጎማ ግን ስሙ ካልታወቀ አዲስ ጎማ አይበልጥም።

ካላማዳሪያን ባነሳን አይቀር፣ ሽቦ ባለው ቸርኬ ላይ አየሩ በሽቦዎቹ ሥር ስለሚያመልጥ ካላማዳሪያ የግድ ነው። ጎማው «ቲዩብለስ» ቢልም እንኳ በእንዲህ ያለ ቸርኬ ላይ ካላማዳሪያ ይገባበታል። አዲስ ጎማ ሲገዛ አዲስ ካላማዳሪያ ከልኩ ጋር ይገዛ። የከረመው ተለጥጦ ስለሚሰፋ አዲሱ ጎማ ውስጥ ይታጠፋል፤ የታጠፈበት ይበላና አንድ ቀን በድንገት ይፈነዳል። ቸርኬው ወጥ ከሆነና ያለ ካላማዳሪያ እንዲሠራ ከተሠራ የግራር እሾህ ሲወጋው ንፋሱ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፤ ይህ ለቆላ ሰው ትልቅ ጥቅም ነው። የጎን ቁስል ግን በየትኛውም ዓይነት ቢሆን አይሰፋም፣ አይለጠፍም።

የንፋስ ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው የንፋስ ልክ ጎማው የሚችለው መጨረሻ እንጂ የሚሞላበት አይደለም፤ የሚሞላው በመመሪያው ደብተር ወይም በሞተሩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ባለው ቁጥር ነው። እዚያም ለአንድ ሰውና ለሁለት ሰው ተለይቶ ይጻፋል። መለኪያው በባር ከሆነ 2 ባር 29 ፒ ኤስ አይ መሆኑን አስታውሱ። የሚለካው ጠዋት፣ ሳይነዳ ነው፤ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ንፋሱ ከ1 እስከ 1 ተኩል ፒ ኤስ አይ ያህል ከፍ ይላልና በቀትር የተለካ ያታልላል። «ደሴ ስወጣ ከፍታው ንፋሱን ይለውጠዋል ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ ነበር፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። ከፍታው መለኪያውን ትንሽ ከፍ ያደርገዋል፣ የደሴ ብርድ ደግሞ ዝቅ ያደርገዋል፤ ሁለቱ ስለሚቻቻሉ መጨነቅ አያስፈልግም። የሚያስጨንቀው ንፋስ ያነሰው ጎማ ከነጭነቱ በቆላ ፀሐይ ሲሮጥ ነው፤ ጎኑ በየዙሩ እየታጠፈ ይግላል፤ የጋለ ላስቲክ ከክሩ ይላቀቃል።

የባጃጅ ባለቤቶችም አልተረሳችሁም፤ የእናንተ ነገር ቀለል ይላል። ሦስቱም ጎማ በአብዛኛው አንድ ልክ ነው፤ 4.00-8። ስለዚህ ከስኮርታው ጋር አራቱን እያፈራረቁ ማለዋወጥ ይቻላል፤ ለሞተር ግን ይህ አይሆንም። «6 ፒ አር» የሚለው ጽሑፍ ስድስት ንብርብር ክር አለው ማለት አይደለም፤ በድሮው የጥጥ ክር ስድስት ንብርብር ያህል ይበረታል ማለት ነው። 4 እና 6 የሚሉ ሁለት ጎማዎች ቢቀርቡላችሁ ለሰው ማመላለሻ 6ቱን ውሰዱ።

ጎማው ተገዝቶ ወደ ጎሚስታ ሲኬድ እህታችን አጠገቡ ትቁም። በጎማው ጎን ላይ ያለው ቀስት ወደሚሽከረከርበት አቅጣጫ ይዙር፤ የፊትና የኋላ ተብሎ ለየብቻ የተጻፈበት ጎማም ይኖራል። ንፋስ ሲሞላ ከቸርኬው አጠገብ የምትታየው ቀጭን መስመር ዙሪያውን እኩል ካልሆነች ጎማው አልተቀመጠም፤ ተፈትቶ እንደገና ይግባ። የመጀመሪያዎቹን 100 እስከ 150 ኪሎ ሜትሮች ባል ብቻውን በዝግታ ይንዳበት፤ የአዲስ ጎማ ፊት እስኪሻክር ድረስ ያዳልጣል። እርሷና ልጇ ከዚያ በኋላ ይውጡ። አሮጌው ጎማ እንዳለ ሱቅ ከተተወ ቀለም ተቀብቶ ለሌላ ሰው ሊሸጥ ስለሚችል ጎኑ በቢላዋ ይሰንጠቅና ለበረባሶ ሠሪ ይሰጥ፤ ከአንድ የሞተር ጎማ ለባልም ለሚስትም ጫማ የሚሆን ይወጣዋል።